ከዳቦው የጠፋው አምስተኛው ሕፃን

ሰሜን ድንበሩ ላይ ቲኋና ለምትገኘው ለታናሽ ወንድሜ ለአንሴልሞ፣

እንደምን ከርመሃል ወንድምዓለም? ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? ፋብሪካው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆመህ ስትውል የሚይዝህ የወገብ ሕመም ለቀቀህ ወይስ ዛሬም ስትጠየቅ "ምንም አይደል" እያልክ ነው? የባሕሩ ብርድ እንዴት ያደርግሃል? የምትበላው ይስማማሃል? እንቅልፍ ይወስድሃል? እኛ ደኅና ነን ብዬ ልጽፍልህ ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ ነገር ግን "ደኅና ነን" ብሎ የሚጀምር ሰው ሁሉ አንድ የሚደብቀው ነገር እንዳለው ስለማውቅ ተውኩት። እስከ መጨረሻው አንብበህ ራስህ ፍረድ። እማዬ ጉንጭህን ትስማለች። ኦብዱሊያም ሰላም ብላሃለች፤ እህታችን ይህን ያለችኝ ግን ትናንት ነው፤ ከዚያ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ ተኮራርፈን ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። እንዴት እንደሆነ እነግርሃለሁ።

እሳተ ገሞራችን ዶን ጎዮ ከገና ወዲህ ዝም ብሏል። አመዱን ከጣሪያ ላይ ከጠረግን ወር ሊሞላን ነው። ሰፈሩ ሁሉ "ተመስገን፣ ተኛልን" ይላል። እኔ ግን እንዲህ ጨዋ ሲሆንብኝ ደስ አይለኝም፤ መጥረጊያውን ከበሩ አጠገብ አላነሣሁትም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስፈለገ ትል ይሆናል። በስልክ መስመሩ የሚቋረጠው ሁልጊዜ እኔ ጥያቄ ስጠይቅህ ነው። ወረቀት አይቋረጥም። ደግሞም ከዚህ ደብዳቤ ጋር አብሮ የመጣው ነገር በስልክ አይላክም። ፖስታውን ገና አራግፈህ ካላየኸው አሁን አታራግፈው፤ መጀመሪያ አንብብ።

ከአንተው ልጀምር። ከሄድክ ሰባት ዓመት ሆነህ። በየዓመቱ የማትመጣበት ምክንያት አለህ፤ እኔ ደግሞ ምክንያቶችህን አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ። አንዱን ዓመት ወረርሽኙ ነበር፤ እሺ፣ እውነት ነው። ሌላውን ዓመት ፈቃድ ከለከሉህ። ዘንድሮ ደግሞ ከድንበሩ ማዶ ያሉት በዕቃችን ላይ ቀረጥ ይጭናሉ እየተባለ ፋብሪካው ፈቃድ የጠየቀውን ሁሉ እያሰናበተ ነው አልከን። ሬዲዮውም ስለ ቀረጡ ጧት ማታ ስለሚያወራ ግማሹን አምኜሃለሁ። የአባባ ቀብር ጊዜ ግን ገበሬዎች አውራ ጎዳናውን ዘግተው አውቶብሳችሁ ሲናሎአ ላይ ቆመ ያልከን ነገር፣ አንሴልሞ፣ ያ ነገር አራት ዓመት ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ ቀርቷል። በማግስቱ ፑዌብላ አውቶብስ ተራ ሄጄ ጠይቄአለሁ። የቲኋናው አውቶብስ በሰዓቱ ገብቷል አሉኝ። ለእማዬ አልነገርኳትም። ለአንተም እስከ ዛሬ አልነገርኩህም።

ያ ሳልም አለ። ስትደውል ከጀርባህ ድስት ይማሰላል፣ አንድ ትንሽ ልጅም ያስላል። ስጠይቅህ "የጎረቤት ልጅ ነው" አልከኝ። የጎረቤት ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ አንተ ክፍል ውስጥ ምን ያስለዋል? እንዲህ ብዬ መጠየቄ ነገር ፈላጊ ሆኜ አይደለም። እሺ፣ ነገር ፈላጊም ነኝ፤ አሁን ከምጽፍልህ በኋላማ ልክደው አልችልም።

ወደ ዳቦው ልምጣ። ማክሰኞ በሰብአ ሰገል ዕለት የበዓሉን ቀለበት ዳቦ፣ ሮስካውን፣ ልንቆርስ እንደ ልማዳችን ቤት ተሰበሰብን፤ እማዬ፣ እኔ፣ ኦብዱሊያ፣ ባሏ ፊዴንሲዮ፣ ልጃቸው ኢትሴል እና ጎረቤታችን ዶኛ ኤልፒዲያ። እማዬ ከዶን አኒሴቶ ዳቦ ቤት ትልቁን ቀለበት አዝዛ ነበር፤ ሊጡ ውስጥ አምስት የፕላስቲክ ሕፃናት እንዲከቱባት ነግራቸዋለች። ሕጉን መቼም አልረሳኸውም፤ ከቁራሹ ሕፃን የወጣለት ሰው በፌብሩዋሪ ሁለት፣ በካንዴላሪያ ቀን፣ የበቆሎ ሊጥ ጠቅልሎ፣ ታማል ቀቅሎ ቤቱን ሁሉ ያበላል። ስለዚህ ቢላው ሲዞር ሰው ሁሉ ሌላ ሰው ይሆናል። ዶኛ ኤልፒዲያ ጎንበስ ብላ ዳቦውን ከሥሩ ትሰልላለች። ኦብዱሊያ ስኳር የነካውን ፍራፍሬ የምትለቅም መስላ በጣቷ ትጫነዋለች። እማዬ እንደ ወትሮዋ ሁለት ቁራሽ ቆረጠች፤ አንዱ የራሷ፣ አንዱ የአንተ። የአንተን በጨርቅ ሸፍና ቁም ሣጥኑ ላይ አኖረችው። በየዓመቱ እዚያው ያድርና በማግስቱ ዶሮዎቹ ይበሉታል።

የመጀመሪያው ሕፃን ለኔ ወጣ፤ ለኔማ መች ቀርቶብኝ ያውቃል። ከዚያ ለዶኛ ኤልፒዲያ፣ ከዚያ ለኢትሴል፣ ከዚያ ለኦብዱሊያ። ዳቦው አለቀ። አምስተኛው የለም። ፊዴንሲዮ ሁለት ቁራሽ በልቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ከሦስት ዓመት በፊት ይኸው ሰው ሕፃኑን ጉንጩ ውስጥ ወትፎ የበቆሎ አጥሚት ሲጠጣ እጅ ከፍንጅ ይዤዋለሁ። "አምስተኛው የት ገባ?" ብዬ ዓይኔን ተከልኩበት። "ይኸውላችሁ፣ የሕዝብ ቆጠራ መጣ!" አለ እየሳቀ። "ምን ላድርግሽ ኤርሜሊንዳ፣ ሥራ አለ ሲሉ ሰምቶ ወደ ሰሜን ሄዷል።" ሁሉም ሳቀ። እማዬ ጀርባዋን ሰጥታን ሳህን ታነሣ ነበር።

ፊዴንሲዮ ሚኒባሱን ከበሩ ላይ ሊያነሣ ወጣ። ጃኬቱን ወንበሩ ላይ ትቶታል። መቼም ታውቀኛለህ፤ እጄን ኪሱ ከተትኩ። ሕፃኑን አላገኘሁትም። ያገኘሁት አንድ የታጠፈ ወረቀት ነው። ከላይ የእማዬ ሙሉ ስም፣ ኤውፍሮሲና ቴኩዋትል፣ የተወለደችበት ቀን፤ ከሥር ፊርማዋ፤ ከፊርማዋ አጠገብ የፊዴንሲዮ ስምና ስልክ ቁጥር። መሐሉን ሳላነብ የእግሩን ኮቴ ሰማሁና መልሼ ከተትኩት።

ቤቱን ነው ያስፈረማት ብዬ ደመደምኩ። ከመንገዳችን አራት ቤት ተሸጧል እኮ! የገና መብራት ሊያዩ ከዋና ከተማው የሚመጡት ሰዎች አትሊስኮን ወደዷት፤ ዘንድሮ ደግሞ በጁን የዓለም ዋንጫ እኛ አገር ስለሚከፈት ጓዳ ያለው ሁሉ ጓዳውን ቀለም ቀብቶ ተከራይ ይጠብቃል። ፊዴንሲዮም በገና ሰሞን ግቢያችን መሐል ቆሞ "ይህ ቤት እኮ ወርቅ ነው" ሲል በገዛ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። አንዲት የፕላስቲክ ሕፃን ከዳቦ የሚሰርቅ ሰው፣ አልኩ ለራሴ፣ ከአሮጊት እጅ ቤት ለመውሰድ ምን ያግደዋል?

በማግስቱ መጀመሪያ ዶን አኒሴቶ ዘንድ ሄድኩ። ምስክር ሳልይዝ አልናገርም። "ልጄ፣ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ሕፃን ሊጥ ውስጥ ስከት የኖርኩ ሰው ነኝ። አምስት ተብዬ አራት ከከተትኩ ይህ እጄ ይቆረጥ" አሉኝ፤ ዱቄት የነካውን እጃቸውን አየር ላይ አንሥተው። ከዚያ በቀጥታ ኦብዱሊያ ቤት። ፊዴንሲዮ ባቄላውን እየበላ ነበር። የሆዴን ዘረገፍኩት። "መጀመሪያ ሕፃኑ፣ ቀጥሎ ቤቱ! ከዚያስ? እማዬን ራሷን ለእንግዳ ልታከራያት ነው?" አልኩት። ፊዴንሲዮ ማንኪያውን አስቀመጠ። "ሕፃኑን አላየሁትም፣ በልጄ ይሁንብኝ" አለ። "ስለ ወረቀቱ ግን አልነግርሽም።" አልነግርሽም! ንጹሕ ሰው እንዲህ ይላል? እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ኦብዱሊያ ፊቷ ደም መሰለ። "አንቺ ሴትዮ፣ አንቺማ መንግሥተ ሰማያት ብትገቢም የቅዱስ ጴጥሮስን ኪስ ሳትፈትሺ አታልፊም! ውጪልኝ ከቤቴ!" አለችኝ። ወጣሁ። በሩን በኃይል የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ናት ብትልህ እንዳታምን።

ይህን ሁሉ ለእማዬ አልነገርኳትም። ኦብዱሊያ ለምን ቀረች ስትለኝ ጉንፋን ይዟት ነው አልኳት። ጊዜው ደግሞ እማዬ ሥራ የሚበዛባት ነው፤ ሰው ሁሉ የቤቱን የሕፃኑ ኢየሱስን ምስል ለካንዴላሪያ ሊያለብስ ጨርቅ ይዞ ይመጣል። ዘንድሮ ግማሹ የብሔራዊ ቡድኑን ማሊያ ነው የሚፈልገው፤ ጌታችን አጥቂ ሆኖልሃል። ዶኛ ኤልፒዲያ የሷን ይዛ ተመለሰች። ዘጠኝ ቁጥሩ ተገልብጦ ተሰፍቷል አለች። የእማዬ እጅ በአርባ ዓመት አንድ ቁልፍ አጣሞ አያውቅም፤ ስለዚህ "ራስሽ ፈትተሽ ገልብጠሽው ዋጋ ልታስቀንሺ ነው" ብዬ መለስኳት። ሐሙስ ዕለት እማዬ ቡናዬ ውስጥ ጨው ከተተች። ቅዳሜ ኢትሴል አያቷን ልትጠይቅ ብቅ ብላ፣ አፏን ከፍታ "አያቴ" እስክትል ድረስ እማዬ በሩ ላይ ቆማ "ማን ልበል?" ትላት ነበር። እኔ ምን ጠረጠርኩ መሰለህ? ልጅቷ በእናቷ ተመክራ ሰላምታ ነፍጋ እንደቆመች። አንሴልሞ፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ የጠረጠርኩት ሴት ዓይኔ ሥር ያለውን አላየሁም።

ትናንት ወዲያ ማክሰኞ ነጭ ክር ፈልጌ የእማዬን የብስኩት ቆርቆሮ ከፈትኩ። ከክሮቹ ሥር መሐረብ አለ፤ መሐረቡ ተቋጥሯል። ፈታሁት። አምስተኛው ሕፃን! ግን ራቁቱን አልነበረም። የጣት አንጓ የምታህል ሰማያዊ ጋውን ለብሷል፤ ደረቱ ላይ በነጭ ክር የተሰፋች ኪስ አለችው። ስፌቱ ወዲያና ወዲህ ይላል። ጋውኑን አወቅሁት። ከስፌት መኪናው በላይ የተለጠፈው ፎቶ ላይ አንተ የለበስከው የፋብሪካ ጋውን ነው።

"ሌባዋ አንቺ ነሽ እንዴ!" አልኳት። እማዬ ከመኪናው ቀና እንኳን አላለችም። "የሰው ዕቃ አልነካሁም። ከአንሴልሞ ቁራሽ ነው የወጣው። ሳነሣው እግሩ ጣቴን ነካኝ" አለች። ታዲያ ለምን እዚያው አልተናገርሽም አልኳት። "ብናገር ምን ትሉ ነበር? ፊዴንሲዮ 'ታማሉን በስልክ ይላክልን' ይላል፤ እናንተ ትስቃላችሁ። ልጄ አይመጣም ተብሎ በገበታ ላይ እንዲሳቅ አልፈለግሁም። እሱ ራሱ ይወቀውና ይወስን።" ቀጥላም መርፌዋን ዘረጋችልኝ። "ይልቅ ክሩን አስገቢልኝ" አለችኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ መርፌዋን ማን ነክቶባት ያውቃል? "ያንን ጋውን ስሰፋ አራት ቀን ፈጀብኝ። በጣቴ ነው የሰፋሁት፤ በዓይኔ አይደለም።"

ክሩን እያስገባሁ ስለ ፊዴንሲዮ ወረቀት ጠየቅኋት። ወረቀቱም የዚሁ ጉዳይ ነው። የስኳር በሽታዋ ዓይኗ ውስጥ ገብቷል። ኖቬምበር ላይ የፊዴንሲዮን ሚኒባስ መስሏት የሌላ ሰው መኪና ስታስቆም አግኝቷት፣ በግድ ፑዌብላ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወስዷታል። ወረቀቱ የቀጠሮና የፈቃድ ወረቀት ነው። ደምበኞቿ ዓይኗ መድከሙን ከሰሙ ሥራቸውን ወደ ሌላ ይወስዳሉ ብላ ለማንም እንዳይናገር አስምላዋለች፤ በተለይ ለኔ። "አንቺ ከሰማሽ ሐኪሙንም ትጠረጥሪዋለሽ" አለችኝ። ልክ ናት። ሐኪሙ የግራው ዓይን አይመለስም ብሏል። ለቀኙ በማርች ቀዶ ሕክምና ያደርጉላታል፤ ምን እንደሚተርፍ ግን አላውቅም አለ። ይህን ሰምቼ ጓዳ ገባሁና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። በራሴ አፈርኩ ወንድሜ። እኔ ስሙን እያጠፋሁ ስሰድበው፣ ፊዴንሲዮ አፉን ዘግቶ ስድቤን ተሸክሞ ቃሉን ጠበቀ።

ትናንት ሚኒባስ ተራ ሄድኩና ሾፌሮች ሁሉ ባሉበት ይቅርታ ጠየቅሁት። "ኪሳችሁን ያዙ፣ መጣች!" ብሎ ጮኸላቸው፤ ሲስቁብኝ ቆሜ ቻልኩት። ከዚያ ጃኬቱን አውልቆ ሰጠኝና "ያዥ፣ ፈትሺ፤ ካልፈተሽሽኝ ይቅርታ መጠየቅሽን አላምንም" አለኝ። ፈተሽኩት። የጥርስ እንጨትና አንድ ከረሜላ ነበር፤ ከረሜላውን በላሁበት። ኦብዱሊያ ዘንድም አብሮኝ ሄደ። እሷ ገና ቅር እንዳላት ነው፤ ቢሆንም የታማል ድስቷን እንደምታውሰኝ ተናግራለች፤ ከሷ ይህ ብዙ ነው።

እንግዲህ ፖስታውን አራግፈው። ሕፃኑ የአንተ ነው። እንደ ሕጋችን በፌብሩዋሪ ሁለት ታማል ታበላናለህ። የአባባን ቀብር ለምን እንደቀረህ አልጠይቅህም። አፍረህ ይሁን፣ ፈርተህ ይሁን፣ የምትደብቀው ሰው ኖሮህ ይሁን፣ ያኔ ይዤብህ የነበረውን ቂም ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ከፈለግህ ጣለው። መንገዱ ተዘግቷል ብትለኝም ዘንድሮ አውቶብስ ተራ ሄጄ አልጠይቅም። ግን እማዬ ፊትህን የምታይበት ዓይን አንድ ቀርቷታል፤ እሱም እስከ ማርች ነው። ይህን የምጽፈው ላስጨንቅህ ነው። ተጨነቅ። ተጨንቀህ ና።

እኔ መጠርጠሬን እንደማልተው ታውቃለህ። ከትናንት ጀምሮ ግን የምጠረጥረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንደምትመጣ ጠርጥሬአለሁ። ብቻህን እንዳልሆንክም ጠርጥሬአለሁ። የታማሉን ሊጥ ከጃንዋሪ ሠላሳ በፊት ማዘዝ ስላለብኝ ስንት ሆናችሁ እንደምትመጡ ጻፍልኝ። በርበሬ የማይበላ ካለም ንገረኝ፤ ለሱ የጣፋጩን እሠራለሁ።

አሁን ሰላምታ። ኦብዱሊያ "ና፣ አለበለዚያ ከዚህች ጋር ብቻዬን ትተኸኛል" ብላሃለች። ፊዴንሲዮ በማንኛውም ሰዓት ብትገባ ፑዌብላ አውቶብስ ተራ ድረስ መጥቶ ይቀበልሃል፤ ኪስህን ግን እኔ እንደምፈትሽ እንዳስጠነቅቅህ ነግሮኛል። ኢትሴል የወጣላትን ሕፃን ለአንተ ልትሸጥልህ ትፈልጋለች፤ እንዳትገዛት። ዶኛ ኤልፒዲያ ማሊያዋ ተስተካክሎላት ሰላም ብላለች፤ እሷንም ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። ዶን አኒሴቶ አምስት ነበሩ አላልኩሽም ወይ ብለዋል። አንተም በበኩልህ ለቤት አከራይህ፣ ለሥራ ጓደኞችህ፣ ከጀርባህ ድስት ለምታማስለው፣ ስሟን ላልነገርከኝ ሴት፣ ለሚያስለውም ልጅ ከልብ ሰላም በልልኝ። ለሳሉ ለብቻው በላክሁልህ ጥቅል ውስጥ የባሕር ዛፍ ማር አለ።

የእማዬ ሰላምታ መጨረሻ ላይ እንዲገባ አዛኛለች። የምትለውን እንዳለች እጽፈዋለሁ፦ "ለልጁ ልብስ ልሰፋለት ጨርቁን ገዝቻለሁ። ቁመቱን በስልክ እንዳትነግረኝ። አሁን የምለካው በእጄ ነው፤ ልጁን አምጣልኝ።"

እህትህ ኤርሜሊንዳ
አትሊስኮ፣ ፑዌብላ
ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 15 ቀን 2026